አልገጠመም

ወላይታ ሶዶ
ታኅሣሥ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ወንድሜ ለኤርሳዶ፣

እኛን እዚህ፣ እናንተን እዚያ በየደጃችን የሚጠብቅ ጌታ ስሙ ይባረክ። ሰላሙ ካንተ፣ ከባለቤትህ ከሶፊና ከትንሹ ቢኒ ጋር ይሁን።

በስልክ «ደህና ነን» እያልኩ ከሁለት ወር በላይ ደብቄሃለሁ። ድምፅህን ስሰማ ዕንባዬ ይቀድመኛል፤ አንተም ስልክ የምታነሣው ደንበኛ ፊት ቆመህ ነው። ስለዚህ በወረቀት ይሻላል አልኩ። የሰፈራችን ነጋዴ ቶማ በዚህ ሳምንት ወደ ጆሃንስበርግ ስለሚበር በሱ እጅ ልኬዋለሁ።

ወንድማችን ቃለሕይወት ታሟል። መስከረም ላይ እግሩ ሲያብጥ፣ ስልክ ሲጠግን ቀኑን ሙሉ ኪዮስኩ ውስጥ ስለሚቀመጥ ነው ብለን ነበር። ፊቱም ሲያብጥ ሆስፒታል ወሰድኩት። ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመዋል አሉን። አሁን ሰኞና ሐሙስ ደሙ በማሽን ይታጠባል፤ በየጊዜው አራት ሰዓት ይፈጃል። አንገቱ ላይ ቱቦ አስገብተውለታል። ደንበኞቹ እንዳያዩበት ሻርፕ እየጠመጠመ ነው ሥራ የሚሄደው።

አዲስ አበባም ሄደን ነበር። የሥጋ ዘመድ ኩላሊት ቢሰጠው እንደ ማንኛውም ሰው ይኖራል አሉ። እኔ ተመረመርኩ። ስኳርም ደም ግፊትም እንዳለብኝ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ዶክተሩ «እህቴ፣ አንቺ ራስሽ ታካሚ ነሽ» ብሎ መለሰኝ።

እናትና አባታችን የሉም። ከኔ ሌላ የእናቱ ልጅ ማን እንዳለ አንተ ታውቃለህ።

ሌላ የምጽፈው የለኝም። ሶፊን ሳምልኝ። ቢኒን ዓይኑን ሳምልኝ።

እህትህ አስካለች

*

ጆሃንስበርግ
ጥር 2 ቀን 2016 ዓ.ም.

እናትም አባትም ለሆንሽኝ ለእትዬ አስካለች፣

ከሩቅ አገር የናፍቆት ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ደብዳቤሽን ሱቁን ከውስጥ ቆልፌ ነው ያነበብኩት። እንዴት ይህን ያህል ጊዜ ትደብቂኛለሽ? እኔ እንግዳ ነኝ?

እትዬ፣ የጻፍሽውንም ያልጻፍሽውንም አንብቤያለሁ። ልትጠይቂኝ አፍረሽ ነው። ምን ያሳፍራል? ቃሌ በልጅነቱ ወባ ሲይዘው ከገሱባ ገበያ እስከ ቤት አዝዬው የመጣሁት እኔ አይደለሁም? ሁለት ኩላሊት አለኝ፤ አንዱ የሱ ነው። ዛሬውኑ ንገሪው። «ኤርሳዶ ይመጣል» በይው። ሌላ ሰውንም እንዳትለማመጪ፤ ወንድም እያለው ምን ሲባል!

የሆስፒታል ካርዱን ቁጥር ላኪልኝ፤ እዚያ ስደርስ ጊዜ እንዳላጠፋ። ለመድኃኒት የሚሆን ጥቂት ነገር በቶማ እጅ ልኬያለሁ።

የምትወጂው ወንድምሽ
ኤርሳዶ

*

ወላይታ ሶዶ
ጥር 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተባረከው ወንድሜ ለኤርሳዶ፣

አፌን በምስጋና የሞላው አምላክ ያንተንም ቤት በደስታ ይሙላው።

ደብዳቤህን ለቃለሕይወት ሰጠሁት። ይዞት ጓዳ ገባ፤ ቆይቶ ፊቱን ታጥቦ ወጣና «አንቺ ደግሞ አንብቢልኝ» አለኝ። አነበብኩለት። «ታ ኢሻ» አለ፤ «ወንድሜ» አለ በአፍ መፍቻችን። ማታ እራቱን ጨርሶ በላ። እንዲህ ከበላ ወር አልፎት ነበር።

ሰፈሩም ሰምቷል። እኔ ነኝ የነገርኩት፤ አፌን መያዝ አቃተኝ። ሰው ምን ያህል ደግ እንደሆነ በዚህ በሽታ ነው ያወቅኩት። የአጥር ጎረቤታችን አስናቀች ለሐኪሙ ትእዛዝ ከኔ ይልቅ ታዛዥ ሆናለች። ሙዝ፣ አቮካዶ፣ ቲማቲም ተከልክሏል፤ የቦይና ሥርም ቢሆን ሁለት ጊዜ ተቀቅሎ ውሃው ካልተደፋ አይበላም። እሷ ታዲያ ሳህኗን ይዛ በር ላይ ትቆምና «ሁለቴ ቀቅዬ ሁለቴ ደፍቻለሁ፣ ጨው አልነካውም» ሳትል አትገባም። ዕንቁላል ጥሩ ነው ስለተባለ ረቡዕና ዓርብ፣ እሷ የማትቀምስበት ቀን፣ ቀቅላ ልጣ ታመጣለታለች። እኛ ጴንጤዎች መሆናችንን የረሳች ይመስል «ማርያም ትማርህ» ትለዋለች፤ እሱም «አሜን» ይላታል።

ባጃጅ የሚነዳውን ጦናን ታስታውሰዋለህ? ሰኞና ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በራችን ላይ ነው። የመንገድ ጉብታ ላይ ሲደርስ ቆም ብሎ «ያዝ ቃሌ» ይለዋል። ከእጥበት ሲወጣ ብርድ ስለሚያንቀጠቅጠው ጃኬቱን አውልቆ ይደርብለታል። ሒሳብ ስሰጠው «ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» ብሎ ሞተሩን አስነሥቶ ይሄዳል። የሰኞና የሐሙስ ክፍለ ጊዜዎቼን የትምህርት ቤት ባልደረቦቼ ተካፍለው ያስተምሩልኛል። ማንም እንዲያደርጉ አላዘዛቸውም።

የአጎታችን ልጅ አሮንም ከገሱባ መጥቶ ነበር። ዶሮ በክንዱ ታቅፎ፣ ጫማው በጭቃ ተለውሶ። «እትዬ፣ እኔም የሥጋ ዘመድ ነኝ፤ እኔ ልመርመር» አለ። አራት ልጆች አሉት። ግንባሩን ሳምኩትና «ወንድሙ ይመጣል፤ አንተ ልጆችህን አሳድግ» ብዬ መለስኩት።

የካርዱ ቁጥር ከዚህ ወረቀት ጀርባ ነው። መቼ እንደምትደርስ ብቻ ጻፍልን።

እህትህ አስካለች

*

ጆሃንስበርግ
መጋቢት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ አስካለች፣

ጤናሽን ጌታ ያብዛልኝ። መልሱ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ።

እዚህ ነገሩ እንዳሰብኩት አልሆነልኝም። የመኖሪያ ፈቃዴ ለእድሳት ገብቷል። ሳይታደስ ከወጣሁ መመለስ የለም፤ ሱቁም፣ ሶፊም፣ ልጁም ሜዳ ላይ ይቀራሉ። ሰልፉ ደግሞ ማለቂያ የለውም። እንደታደሰ በማግሥቱ ነኝ።

ለጊዜው ለቃሌ የደም ግፊት መለኪያና ወፍራም ብርድ ልብስ ልኬለታለሁ። ጥሩ ብርድ ልብስ ነው፤ ሶፊ ናት የመረጠችው። ለመድኃኒት የሚሆንም አለበት። ሌላ የሚያስፈልግ ካለ እንዳታፍሪ፤ ጻፊልኝ።

አስናቀችን አመስግኚልኝ። ጦናንም።

ወንድምሽ ኤርሳዶ

*

ወላይታ ሶዶ
ሚያዝያ 10 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለኤርሳዶ፣

ሰላም ለቤትህ ይሁን። ብርድ ልብሱ ደርሷል፤ ሶፊን እናመሰግናለን።

ከእንግዲህ ብር አትላክ። እቃም አትላክ። የሚያስፈልገን አንተ ነህ።

ቃለሕይወት ከስቷል። በቀን ሁለት ብርጭቆ ውሃ ነው የተፈቀደለት፤ ከዚያ ሌላ ከንፈሩን ብቻ ያርሳል። ኪዮስኩን ከዘጋ ሦስት ሳምንት ሆነው። መኪና በራችን ላይ ሲቆም ቀና ይላል። ሲሄድ ደግሞ እኔ እንዳላየሁት ሆኖ ይተኛል፤ እኔም እንዳላየሁ እሆናለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ አንተም እውነቱን መልስልኝ። ፈርተህ እንደሆነ ፈራሁ በለኝ። አልቆጣህም። አካል ነው፤ ማን አይፈራም? አሮን ዛሬም ዝግጁ ነው። ልጥራው ወይስ አልጥራው? አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ።

እህትህ አስካለች

*

ጆሃንስበርግ
ሰኔ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለእትዬ አስካለች፣

ሰላም ነሽ ወይ? እኛ ደህና ነን።

ፈርተህ እንደሆነ ማለትሽ አሳዝኖኛል። ፈቃዱ አልታደሰም እንጂ ሌላ ምንም የለም። አሮንን አትጥሪ። እሱ ገበሬ ነው፣ በጉልበቱ ነው የሚኖረው። ደግሞስ የእናቱ ልጅ እያለ የአጎት ልጅ ሰጠ ሲባል ለኔ ምን ይተርፈኛል? ስሜን አታሰድቢ። እኔ እመጣለሁ ብያለሁ፣ እመጣለሁ።

ክረምቱ እንዴት ነው? ቃሌ እንዳይበርደው።

ወንድምሽ ኤርሳዶ

*

ወላይታ ሶዶ
ሰኔ 28 ቀን 2016 ዓ.ም.

ኤርሳዶ፣

እግዚአብሔር ይመስገን፤ እስካሁን በሕይወት አለን።

ባለፈው ሳምንት ለክትትል አዲስ አበባ ነበርን። ቃለሕይወትን አግዳሚው ወንበር ላይ አስቀምጬ ካርዱን ይዤ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። ነርሷ መዝገቡን ገልጣ ፊቷ ፈካ አለ። «እንኳን መጣችሁ! ለጋሹ አብሯችሁ መጣ?» አለችኝ።

«የቱ ለጋሽ?» አልኳት።

«ወንድሙ ነዋ። ውጤቱ ከወጣ ወር አለፈው እኮ። ገጥሟል። በሰጠን ስልክ ብንደውል ብንደውል አይነሣም።»

«ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ነው። ፈቃዱ አልታደሰለትም» አልኳት። ሌላ ሰው ነው፣ ስም ተመሳስሎባችሁ ነው ብዬ ተከራከርኳት፤ መስኮቱ ላይ ቆሜ ጮኽኩባት። ምስኪኗ ልጅ ደነገጠች። ወረቀቱን አዙራ አሳየችኝ። ግንቦት 14 ቀን። ከሥሩ ያንተ ፊርማ። ኤርሳዶ፣ እጅህን ይዤ ጽሕፈት ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ፊርማህን ከማን ጋር አሳስታለሁ?

ግንቦት 14 ቀን አዲስ አበባ ነበርክ። ከሶዶ የግማሽ ቀን መንገድ ላይ። ገጠመ ሲሉህ ሰማህ፤ ተመልሰህ ሄድክ። ደረስኩ እንኳ አላልክም፤ የልጁን ፊት እንኳ አላየህም። ይሄን ሁሉ ልተውልህ። ሰው ይፈራል፤ ሚያዝያ ላይ «ፈራሁ በለኝ» ብዬ በሩን ከፍቼልህ ነበር። ሰኔ 3 ቀን ግን፣ ከሸሸህ በኋላ፣ ቁጭ ብለህ «አሮንን አትጥሪ» ብለህ ጻፍክልኝ። አንተ አልሰጠህም፤ ሊሰጥ የመጣውንም ከደጃፍ መለስከው። እኔም አመንኩህ። አሮን ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ «ተው፣ ይመጣል» ያልኩት እኔ ነኝ። ይሄ ነው እንቅልፍ የነሣኝ፤ በእጄ ነው ያሠራኸው።

ወደ አግዳሚው ስመለስ ቃለሕይወት «ምን አሉሽ?» አለኝ። ምን ልበለው? «ኤርሳዶ እዚያው ባለበት ተመርምሮ ውጤቱን ልኮ ነበር፤ አልገጠመም አሉ» አልኩት። ለሰፈሩም እንዲሁ ነው ያልኩት። አስናቀች «እሱስ ምን ያድርግ፣ ምስኪን! እንዴት ተሰብሮ ይሆን» ብላ ላንተ አለቀሰች።

አሮንን ጠርቼዋለሁ። ጌታ ቢፈቅድ ሐምሌ መባቻ ላይ ምርመራ ይጀምራል። ከዚህ በኋላ ስልክ አትደውልልኝ።

አስካለች

*

ጆሃንስበርግ
ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.

እትዬ፣

ሰላምታ ለመጻፍ አፍ የለኝም።

ሁሉም እንዳልሽው ነው። ፈቃዴ የታደሰው በሚያዝያ ነው። አዲስ አበባ አንድ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ከረምኩ። ገጥሞ ልነግራችሁ፣ ድንገት በሩን ከፍቼ ልገባባችሁ ነበር ያሰብኩት፤ እምልልሻለሁ። «ገጥሟል፣ እንኳን ደስ አለህ» ሲሉኝ ግን ፈራሁ።

በዚያው ቀን መናኸሪያ ሄጄ የሶዶ መኪና ላይ ወጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ዘመድ ጥየቃ ነው ልጄ?» አሉኝ። «የታመመ ወንድም አለኝ» አልኳቸው። ከቋጠሯቸው ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ፤ «እግዜር ይማርልህ፤ አንተን የመሰለ ወንድም ያለው አይሞትም» አሉኝ። ዳቦው አፌ ውስጥ እንዳለ ነው የወረድኩት። ረዳቱ «ወዴት ነህ? ሊሞላ እኮ ነው!» እያለ ይጮህብኝ ነበር።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ባለፈው ዓመት ሌቦች ሱቅ ገብተው ሆዴን በጩቤ ወግተውኛል። ሃያ ቀን ተኝቻለሁ። እንዳትጨነቂ ብዬ ነው የደበቅኩሽ። ከዚያ ወዲህ የሆስፒታል ሽታ አልችልም። ቢኒ ገና አራት ዓመቱ ነው። ብሞትስ? ግማሽ ሰው ሆኜ ብመለስ ማን ያኖራቸዋል? እያልኩ ራሴን አሳመንኩት።

አሮንን አትጥሪ ያልኩት ግን ምክንያት የለውም። አሮን ሰጠ፣ ኤርሳዶ ሸሸ እንዳይባል ነው። ጊዜ ባገኝ ድፍረት አገኛለሁ ብዬ ነበር። አላገኘሁም።

ለቃሌ እንዳትነግሪው። ስለ እናታችን ብለሽ።

ኤርሳዶ

*

ጆሃንስበርግ
መስከረም 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

እትዬ አስካለች፣

ለሐምሌው ደብዳቤ መልስ አልጻፍሽልኝም፤ ልክ ነሽ። ስልክ ስደውል ትዘጊዋለሽ፤ እሱም ልክ ነው።

ትናንት ቶማ ነገረኝ። አስቀምጦ፣ ውሃ አጠጥቶ ነው የነገረኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር፤ እኔ ብቻ እየሣቅኩ ሱቅ እሸጥ ነበር። ወንድሜ ሞቶ እኔ ለምን የመጨረሻው ልሁን? እንዴት አንድ ቃል አትልኪልኝም?

ቲኬት ቆርጫለሁ። መስከረም 20 እደርሳለሁ። ለቅሶዬን ሶዶ ላይ፣ በሰው መካከል ላልቅስ። መቃብሩን አሳዪኝ። እንዳትከለክዪኝ።

ኤርሳዶ

*

ወላይታ ሶዶ
መስከረም 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤርሳዶ፣

ሐዘንህን እግዚአብሔር ያቅልልህ። ይህን ለማንም እጽፋለሁ፣ ላንተም እጽፋለሁ።

እንዴት እንደሆነ ልንገርህ፤ መስማት ይገባሃል። አሮን ሐምሌ 2 ምርመራ ጀመረ። እርሻውን ጥሎ ሦስት ጊዜ አዲስ አበባ ተመላለሰ። የመጨረሻው ውጤት እየተጠበቀ ሳለ ነሐሴ 11 ቀን ቃለሕይወትን ትኩሳት ያዘው። በአንገቱ ቱቦ በኩል ኢንፌክሽን ገብቷል አሉ። አምስት ቀን ታገለ። ሐሙስ ነሐሴ 16 ቀን፣ የእጥበቱ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ አረፈ። ጦና ሊመልሰን ከጠዋት ጀምሮ የሆስፒታሉ በር ላይ እየጠበቀ ነበር። ወጥቼ ስነግረው ባጃጁን እንደቆመች ትቷት በእግሩ ሮጦ ሄደ። ያን ዕለት የሰፈሩን ሰው የጠራው እሱ ነው።

አስናቀች እንደ እህቱ ተቆጥራ ከአስከሬኑ ቀጥላ ሄደች። ባልደረቦቼ ድንኳን ተከሉ፤ ውሃ ቀዱ። ለሁለት ሳምንት ምድጃዬ ላይ እሳት አላነደድኩም፤ ሁሉን ያበሰሉት እነሱ ናቸው። የአሮን ውጤት የመጣው ከተቀበረ በዘጠነኛው ቀን ነው። ሐዘን ቤት ተቀምጦ ሳለ ስልኩ ጠራ። ወደ ውጭ ወጣ፤ ሲመለስ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ነበር። ምን እንዳሉት አልጠየቅኩትም። ፊቱን አይቼ እንደገጠመ ገባኝ።

አሁን የቃለሕይወትን መልእክት ላድርስ። ትኩሳቱ በያዘው በሁለተኛው ቀን «ስለ ኤርሳዶ አትዋሺ፤ ድካም ነው የሚሆንብሽ» አለኝ። ሆስፒታሉ አንተን ሲያጣ የደወለው ለሱ ነበር። እኛ አዲስ አበባ ከመሄዳችን ከሁለት ሳምንት በፊት ያውቅ ነበር። አግዳሚው ላይ «ምን አሉሽ?» ብሎ ሲጠይቀኝ አውቆ ነው፤ ስዋሸውም ዝም ብሎ ያዳመጠኝ ለኔ ብሎ ነው። «አልተናደድክም?» አልኩት። ሣቀ። «ኤርሳዶ እኮ በዘመን መለወጫችን በጊፋታ በሬ ሲጣል ጓሮ እንሰቱ ውስጥ ይደበቅ ነበር። ሥጋው ሲደርስ ፈልጌ የማመጣው እኔ ነበርኩ። አሁንም ተደብቆ ነው። እንዳልተቀየምኩት ጻፊለት» አለኝ። ጽፌልሃለሁ።

እኔ ግን ቃለሕይወት አይደለሁም።

ለምን የመጨረሻው ሆንኩ ብለሃል። ቶማ ሊነግርህ ሲነሣ «ቆይ» ያልኩት እኔ ነኝ። ከሞተ በኋላ ልትመጣ እንደምትሮጥ አውቄ ነበር። ለሕያው ወንድምህ ከአዲስ አበባ ወዲህ መንገዱ ጠፍቶብህ ነበር፤ ለመቃብሩ በአንድ ቀን ቲኬት ቆረጥክ። በዚያች ድንኳን ውስጥ ከአሮን ጎን እንድትቀመጥ አልፈለግኩም።

ና፤ አልከለክልህም። ቤቱ ያባትህም ነው። ለሰፈሩ የነገርኩትን ግን እስከ ዛሬ አላነሣሁትም። አልገጠመም ብያለሁ፤ አልገጠመም እንዳልኩ ነኝ። ስለዚህ አስናቀች በር ላይ አቅፋህ ታለቅሳለች። ጦና እቃህን ይሸከምልሃል። አሮን ከገሱባ ሊያጽናናህ ይመጣል። ተራ በተራ እየመጡ «አይዞህ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም፤ አንተማ ልትሰጥ ነበር፤ አልገጠመም እንጂ» ይሉሃል። ከልባቸው ነው የሚሉህ። የሚበላ ያቀርቡልሃል፤ ካልበላህ ያጎርሱሃል። ባትችልም ትውጠዋለህ።

እኔ ከፊት ለፊትህ እቀመጣለሁ። አንድ ቃል አልናገርም፤ ለማንም አላጋልጥህም። ብቻ እንዲህ ሲሉህ ቀና ብለህ እኔን እንዳታየኝ።

አስካለች